አፍን የሚስል ፊደል፦ የኮሪያው ሃንግል እንዴት ይሠራል፣ ለምንስ በዓል ኖረው?

አንድ ቀን ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የኮሪያ ኢንዶሚ አነሣሁ። ፓኬቱ ላይ ሁለት ትልልቅ ምልክቶች ታትመዋል። ከዚያ በፊት ቢሆን «የቻይና ጽሑፍ ነው» ብዬ አልፈው ነበር። የዚያን ሰሞን ግን ስለ ኮሪያ ፊደል ሳነብ አመሽ ስለነበር ቆም ብዬ አየሁት። የመጀመሪያው ምልክት ውስጥ «ር» እና «ኣ» አሉ፤ ራ። ሁለተኛው ውስጥ «ም» አለ፣ ከጎኑ «የ» የሚል አናባቢ ቆሟል፣ ከሥራቸው ደግሞ «ን» ተኝቷል፤ ምየን። ራምየን! ኮሪያውያን እንዲህ ዓይነቱን ፓስታ የሚጠሩበት ስም ነው። የአንደኛ ክፍል ልጅ የሱቅ ታፔላ ማንበብ ሲጀምር የሚሰማው ደስታ ተሰማኝ።

ለጥቂት ማታ ያየሁት ፊደል ቃል ያስነበበኝ አለምክንያት አይደለም። ፊደሉ ሲሠራ ጀምሮ ማንም ሰው ቶሎ እንዲይዘው ታስቦበታል። ያሰበበት ሰው ስምም፣ ዓመቱም፣ ምክንያቱም ይታወቃል። በዓለም ላይ ስለ ስንት ፊደል እንዲህ ማለት ይቻላል?

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። ሃንግል የቋንቋ ስም አይደለም። ቋንቋው ኮሪያኛ ነው፣ የሚጻፍበት ፊደል ሃንግል ነው። በእኛ ፊደል አማርኛም፣ ትግርኛም፣ ግዕዝም እንደሚጻፈው ማለት ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ15ኛው መቶ ዓመት ኮሪያ ውስጥ ማንበብ ማለት የቻይናን ጽሕፈት ማንበብ ነበር። ሁለቱ ቋንቋዎች ደግሞ ጨርሶ አይመሳሰሉም። የቻይንኛ ቃል መልኩን አይለውጥም፣ እንዳለ ይቀመጣል። የኮሪያኛ ግሥ ግን እንደ አማርኛው ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው መጨረሻ ላይ ነው። ጊዜውም፣ አክብሮቱም፣ ጥያቄውም ጫፉ ላይ ይንጠለጠላል። ይህን ሁሉ በቻይና ምልክት ለመጻፍ መሞከር የሰው ልብስ ለብሶ እንደመሮጥ ነው። በዚያ ላይ ምልክቶቹ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። እነሱን ለመልመድ ዓመታት ያስፈልጋሉ፣ ዓመታት ያለው ደግሞ የመኳንንት ልጅ ብቻ ነው። ገበሬው ሲከሰስ የክሱን ወረቀት አያነብም። ሲበደል አቤቱታውን አይጽፍም።

በ1428 ጂንጁ በሚባል አካባቢ አንድ ሰው አባቱን ገደለ። ወሬው ቤተ መንግሥት ሲደርስ ንጉሥ ሴጆንግ በጣም አዘኑ። ቅጣት ከማጠንከር ይልቅ ሕዝቡን ማስተማር ይሻላል ብለው መልካም ምግባርን የሚያስተምሩ ታሪኮች በመጽሐፍ እንዲሰበሰቡ አዘዙ። መጽሐፉ በ1434 ወጣ። ሕዝቡ ማንበብ ስለማይችል ሥዕል ተደረገበት። ጽሑፉ ግን ያው በቻይንኛ ነበር። ሥዕል የቱን ያህል ይናገራል? ሰውየው ምን እንዳለ፣ ለምን እንዳደረገው ሥዕል አይነግርም።

ሴጆንግ የጆሰን ሥርወ መንግሥት አራተኛው ንጉሥ ናቸው። ከ1418 እስከ 1450 ነገሡ። በ1443 መጨረሻ ላይ የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል በድንገት አንድ አጭር ነገር ይመዘግባል፦ ንጉሡ ራሳቸው 28 ፊደላት ሠሩ ይላል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1446፣ ፊደሉ ከነማብራሪያው ለሕዝብ ይፋ ሆነ። የመጽሐፉም የፊደሉም ስም ሁንሚንጀንግእም ነበር። «ሕዝብን የሚያስተምሩ ትክክለኛ ድምፆች» እንደማለት ነው። ንጉሡ በመግቢያው ላይ ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ የአገራችን ንግግር ከቻይና የተለየ ነው፣ በቻይና ጽሕፈት አይግባባም። ስለዚህ ያልተማረው ሕዝብ መናገር የሚፈልገው ነገር እያለው ሐሳቡን መግለጽ ያቅተዋል። ይህ ስላሳዘነኝ 28 አዳዲስ ፊደላት ሠራሁ፣ ሁሉም በቀላሉ ተምሮ በየቀኑ ይጠቀምባቸው።

«መናገር የሚፈልገው ነገር እያለው» የምትለዋ ሐረግ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ንጉሡ ሕዝቡ ትእዛዜን ያንብብ ብቻ አላሉም። የሚናገረው አለው፣ ይጻፍ ነው ያሉት።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ይህን ክፍል አፋችሁን እያንቀሳቀሳችሁ አንብቡት።

«ን» በሉና ድምፁን ያዙት። የምላሳችሁ ጫፍ ተነሥቶ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ተጣብቋል። ፊቱን ወደ ግራ ያዞረ ሰው አስቡና ምላሱን ከጎን ሣሉት። ጫፉ ቀና ብሎ የቆመ፣ ወገቡ ወደ ኋላ የተኛ መስመር ይሆናል። የሃንግል «ን» ያ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ወርዶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ አንድ መስመር። አሁን ደግሞ «ግ» በሉ። የምላሱ ጫፍ ወደ ታች ወረደ፣ ሥሩ ተነሥቶ ጉሮሮውን ዘጋ። «ግ» ወደ ቀኝ ሄዶ ወደ ታች የሚታጠፍ መስመር ነው፣ ማጭድ ይመስላል። «ም» ስትሉ ከንፈር ይገጥማል። ምልክቱ አራት ማዕዘን ሣጥን ነው፣ አፍ ማለት ነው። «ስ» በጥርስ መሐል ይፏጫል፤ ምልክቱ ጥርስ ነው፣ ከእኛ «ለ» ጋር ይቀራረባል። የጉሮሮው ድምፅ ክብ ነው። ቁርጥ የእኛን ዓይኑን «ዐ» ይመስላል። የግዕዙ «ዐ»ም በጥንቱ አነባበብ የጉሮሮ ድምፅ ነው። ሁለቱ ፊደላት ዝምድና የላቸውም፣ አጋጣሚ ነው። ሳየው ግን ደስ ይለኛል።

መነሻዎቹ እነዚህ አምስቱ ናቸው። ሌላው የሚመጣው መስመር በመጨመር ነው። «ን» ላይ ከላይ አንድ መስመር ሲጨመር «ድ» ይሆናል፣ አንድ ሌላ ሲጨመር «ት»። ሦስቱንም በሉ፤ ን፣ ድ፣ ት። ምላሳችሁ ከቦታው አልተነሣም፣ ጉልበቱ ብቻ ጨመረ። «ግ» ላይ መስመር ሲጨመር «ክ» ነው። ከ«ም» «ብ»፣ ከ«ብ» «ፕ» ይወጣል። ከ«ስ» «ጅ»፣ ከ«ጅ» «ች» ይወጣል። በአንድ የአፍ ቦታ የሚፈጠሩ ድምፆች በመልክም ይመሳሰላሉ። በላቲን ፊደል የ«ን»ን እና የ«ት»ን መልክ ብታዩ ዘመዳሞች መሆናቸውን የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ለእኛ ግን ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። አማርኛ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ሲጀምር በግዕዝ የሌሉ ድምፆች ነበሩት። አባቶቻችን ምን አደረጉ? «ሰ» ላይ ሰረዝ ጨምረው «ሸ» አሉ። «ተ»ን «ቸ»፣ «ነ»ን «ኘ»፣ «ደ»ን «ጀ»፣ «ዘ»ን «ዠ»፣ «ጠ»ን «ጨ» አደረጉ። ምላስ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ስትል፣ ፊደሉ አናቱ ላይ፣ በ«ጨ» ግን እግሩ ላይ፣ ተጨማሪ ምልክት ይጭናል። ሴጆንግ ይህን መንገድ ለፊደሉ ሁሉ ሕግ አደረጉት።

ጠበቅ ብለው የሚነገሩ አምስት ድምፆች ደግሞ አሉ። እነሱ ምልክቱን ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን በመጻፍ ይሠራሉ። ጆሮ ላይ የእኛን «ጠ» እና «ቀ» ይመስላሉ፣ አንድ ግን አይደሉም፤ የእኛዎቹ ይፈነዳሉ፣ የነሱ ይጨመቃሉ።

አናባቢዎቹ ሌላ ዓለም ናቸው። ሦስት ነገሮች ላይ ቆመዋል። ነጥብ ሰማይ ነው፣ ክብ ስለሆነ። የተኛ መስመር ምድር ነው። የቆመ መስመር ሰው ነው። ነጥቧ ከሰውየው በስተቀኝ ስትሆን «ኣ»፣ በስተግራ ስትሆን «ኧ»፣ ከምድር በላይ ስትሆን «ኦ»፣ ከምድር በታች ስትሆን «ኡ»። ዛሬ ነጥቧ አጭር ሰረዝ ሆናለች። ሰረዟ ሁለት ከሆነች የ«ይ» ድምፅ ይቀላቀላል፤ ያ፣ የ፣ ዮ፣ ዩ። የተኛው መስመር ብቻውን ሲሆን የእኛን «እ» የሚመስል ድምፅ ነው። የውጭ አገር ተማሪዎች ብዙ የሚቸገሩባቸው «ኧ» እና «እ» ለአማርኛ ተናጋሪ ከእናት ጡት ጋር የጠባናቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

ሰረዟ የምትዞረው ደግሞ በከንቱ አይደለም። በኮሪያኛ «ኣ» እና «ኦ» ብሩህ፣ «ኧ» እና «ኡ» ጨለም ያሉ ድምፆች ናቸው። ትንሽ ጠጠር ውኃ ውስጥ ስትወድቅ «ፖንግዳንግ» ይላሉ። ትልቅ ድንጋይ ሲወድቅ «ፑንግደንግ»። ተነባቢዎቹ ያው ናቸው። ከላይ የነበረችው ሰረዝ ወደ ታች፣ ከቀኝ የነበረችው ወደ ግራ ዞረች፣ ጠጠሩ ቋጥኝ ሆነ።

ፊደላቱ እንደ ላቲን በረድፍ አይሰለፉም። አንድ ክፍለ ቃል አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባል። «ቡና» ብለን እንጻፍ። «ብ» ከላይ፣ «ኡ» ከሥሩ፤ አንድ ሣጥን። «ን» ከግራ፣ «ኣ» ከቀኝ፤ ሁለተኛ ሣጥን። የተኙ አናባቢዎች ከሥር፣ የቆሙት ከጎን ይቀመጣሉ። ክፍለ ቃሉ በተነባቢ ካለቀ ያ ተነባቢ ከሁሉም ሥር ይገባል። ባቺም ይሉታል፣ ድጋፍ ማለት ነው። «ሃንግል» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ሣጥን ነው። ሃን፤ ከግራ «ህ»፣ ከቀኝ «ኣ»፣ ከሥር «ን»። ግል፤ «ግ»፣ «እ»፣ «ል» ሦስቱም እንደ እንጀራ ተደራርበው። በእኛ ፊደል አራት ሆሄ የሚፈጀው በነሱ ሁለት ሣጥን ነው። ክፍለ ቃል በአናባቢ ሲጀምር ቦታ የሚይዝለት ያ ዐ መሳይ ክብ ነው። የራሱ ድምፅ የለውም፣ ልክ በአማርኛ «አ» አናባቢውን ብቻ እንደሚሸከመው። ከሥር ሲገባ ግን «ንግ» ብሎ ይነበባል።

ዛሬ መሠረታዊዎቹ ፊደላት 24 ናቸው፤ 14 ተነባቢ፣ 10 አናባቢ። ከ28ቱ አራቱ በጊዜ ብዛት ቀሩ። ድርብርቦቹን ጨምሮ 19 መነሻ ተነባቢ፣ 21 አናባቢ፣ 27 የመጨረሻ ተነባቢ አሉ። ሥሩ ባዶ የሚሆንበትንም ቆጥራችሁ ስታባዙ 11,172 ሣጥኖች ይወጣሉ። ማንም ግን 11,172 ነገር አይሸመድድም። 24ቱን ያወቀ ሁሉንም ያነባል።

ከመጽሐፉ አዘጋጆች አንዱ የነበሩት ጀንግ ኢንጂ፣ ብልህ ሰው ረፋዱ ሳያልፍ ያውቃቸዋል፣ ሞኝም ቢሆን በአሥር ቀን ይማራቸዋል ብለው ጽፈዋል። እውነት ነው። ግን ሰው እንዳይሳሳት አንድ ነገር ልጨምር። ፊደሉን ማወቅ ሌላ፣ ኮሪያኛን ማንበብ ሌላ። ድምፆቹ ሲጎራበቱ ይለዋወጣሉ። «ነፃነት» የሚለው ቃል ሲጻፍ «ዶክ-ሪፕ» ነው፣ ሲነበብ ግን «ዶንግኒፕ»። «ር» እና «ል» ደግሞ አንድ ፊደል ናቸው። በአናባቢዎች መሐል ሲገባ «ር» ይሆናል። «ሰላም»ን እንደመጣልን ብንጽፈው «ሰራም» ብለው ያነቡታል። «ል» እንዲሆን ፊደሉን ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ከሥር አንዱን ከመነሻ መጻፍ ያስፈልጋል።

ይህን የመሰለ ሥራ በእልልታ የተቀበሉት እንዳይመስላችሁ። ገና በ1444 ቼ ማንሪ የሚባሉ የቤተ መንግሥት ሊቅ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ተቃውሞ አቀረቡ። የራሳቸው ፊደል ያላቸው እንደ ሞንጎልና ጃፓን ያሉት አረመኔዎች ናቸው፣ እኛ ከቻይና ሥልጣኔ ለምን እንወጣለን አሉ። ከዚያ በኋላም ለዘመናት ሊቃውንቱ «ተራ ጽሕፈት» እያሉ አቃለሉት። የሴቶች ፊደልም ይሉት ነበር። በ1504 ደግሞ የንሳንጉን የተባለው ጨካኝ ንጉሥ እሱን የሚወቅስ ጽሑፍ በዚህ ፊደል ተለጥፎ ሲያገኝ ማስተማሩንም መማሩንም ከለከለ። ሕዝቡ የሚናገረው ነገር ነበረው፣ ጻፈው፣ ንጉሡም ደነገጠ።

ፊደሉን ያቆዩት እነዚያ የተናቁት ናቸው። ሴቶች ደብዳቤ ተጻጻፉበት፣ ተረትና ልብ ወለድ ተነበበበት። የመንግሥት ሰነድ ጽሕፈት የሆነው በ1894 ነው። በ1896 ሰ ጄፒል ያቋቋሙት «ነፃነት» የተባለ ጋዜጣ በሃንግል ብቻ፣ ቃልን ከቃል በክፍት ቦታ እየለየ መታተም ጀመረ። «ሃንግል» የሚለው ስም ራሱ የመጣው በ1910ዎቹ ሲሆን፣ ስሙ ከቋንቋ ምሁሩ ጁ ሺግየንግ ጋር ይያያዛል።

ከዚያ ጃፓን መጣች። ከ1910 እስከ 1945 ኮሪያ በቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ኮሪያኛ ከትምህርት ቤት ወጣ፣ ሰዎች ስማቸውን ወደ ጃፓንኛ እንዲቀይሩ ተገደዱ። የኮሪያኛ ቋንቋ ማኅበር አባላት በዚህ መሐል መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ነበር። በ1942 ተያዙ። ሁለቱ እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። የመዝገበ ቃላቱ ረቂቅም ማስረጃ ተብሎ ተወሰደ። አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በመስከረም 1945፣ ያ ሁሉ ወረቀት ሴኡል ባቡር ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ተገኘ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1947 ታተመ።

በዓሉ የተወለደው በዚሁ የጭንቅ ዘመን ነው። በ1926፣ ፊደሉ ይፋ የሆነበት 480ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ የመጀመሪያው በዓል ተከበረ። ስሙ ጋግያናል ነበር። ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ «ጋ፣ ግያ» ስለሚሉ ነው። «የሀ ሁ ቀን» ብንለው ይገጥማል። ከሁለት ዓመት በኋላ የሃንግል ቀን ተባለ። ቀኑ ግን በትክክል አይታወቅም ነበር። የ1446ቱ መጽሐፍ ከነሙሉ ማብራሪያው ጠፍቶ ነበርና።

መጽሐፉ በ1940 አንዶንግ ውስጥ ተገኘ። ጀን ህየንግፒል የተባሉ ሀብታም ቅርስ ሰብሳቢ ወሬውን ሰሙ። ሻጩ 1,000 ዎን ጠየቀ። እሳቸው «ዋጋው ይህ አይደለም» ብለው 10,000 ዎን ከፈሉ። ከዚያ ጃፓኖች እስኪወጡ ድረስ ደብቀው አቆዩት። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ሲሸሹም ይዘውት ሄዱ፤ ሌሊት ትራስ አድርገውት ይተኙ ነበር ይባላል። ዛሬ የአገሪቱ ብሔራዊ ቅርስ ነው። በ1997ም በዩኔስኮ የዓለም የሰነድ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ፊደሎቹ የአፍ ሥዕል መሆናቸው በእርግጠኝነት የታወቀው ከዚህ መጽሐፍ ነው። ከዚያ በፊት ከመስኮት ፍርግርግ የተወሰዱ ናቸው የሚሉም ነበሩ። የበዓሉ ቀንም የተቆረጠው መጽሐፉ ውስጥ ከተጻፈው ቀን ተነሥቶ ነው።

ስለዚህ ደቡብ ኮሪያ በየዓመቱ ኦክቶበር 9፣ በእኛ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ የሃንግልን ቀን ታከብራለች። ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ የንጉሡ መግቢያ ይነበባል፣ የሃንግል መዝሙር ይዘመራል። የእጅ ጽሕፈትና የድርሰት ውድድር ይካሄዳል፣ ኮሪያኛ የሚማሩ የውጭ አገር ሰዎችም ይወዳደራሉ። በ1991 «የዕረፍት ቀን በዛ» ተብሎ ከሕዝብ በዓላት ተሰርዞ ነበር። ሕዝቡና የቋንቋ ማኅበራት አልተዉትም። በ2013 ሥራ የሚዘጋበት ቀን ሆኖ ተመለሰ። ሰሜን ኮሪያ ፊደሉን ጆሰንግል ትለዋለች፣ የምታከብረውም ጃንዋሪ 15 ነው። ደቡብ ይፋ የሆነበትን፣ ሰሜን የተፈጠረበትን ቀን ያዙ።

ሴኡል መሐል፣ ጓንግኋሙን አደባባይ ላይ፣ ሴጆንግ መጽሐፋቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ሐውልቱ የተመረቀው በ2009ኙ የሃንግል ቀን ነው። መልካቸው 10,000 ዎን ኖት ላይም አለ። ያ ሰብሳቢ ለመጽሐፉ የከፈሉትን ቁጥር ሳስብ ይህ ግጥምጥሞሽ ይገርመኛል። የመምህራን ቀን የሚከበረው በልደታቸው ቀን፣ ሜይ 15 ነው። ዩኔስኮም ከ1989 ጀምሮ መሠረተ ትምህርት ለሚያስፋፉ ሰዎችና ድርጅቶች የሚሰጠው በስማቸው የተሰየመ ሽልማት አለው። ገንዘቡን የምትሸፍነው ደቡብ ኮሪያ ናት።

ኮሪያውያን ያልተማረን ሰው ሲገልጹ «ማጭድ ከፊቱ አስቀምጦ ጊየክን አያውቅም» ይላሉ። ጊየክ ያ ማጭድ የሚመስለው «ግ» ነው። እኛ «ሀ ሁ ያልቆጠረ» እንደምንለው ነው። ይህ አባባል ለረጅም ጊዜ ብዙ የገጠር ሴቶችን ሲወጋ ኖሯል። በልጅነታቸው ቅኝ ግዛት ነበር፣ ከዚያ ጦርነት፣ ከዚያ ድህነት። ለትምህርት የሚላከው ወንዱ ልጅ ነበር።

ቺልጎክ በሚባል የገጠር ወረዳ እንዲህ ያሉ አሮጊቶች በስተርጅና ፊደል መቁጠር ጀመሩ። በኋላ ግጥም ጻፉ። በ2020 ደግሞ የአምስቱ እናቶች የእጅ ጽሕፈት የኮምፒውተር ፊደል ቅርጽ ሆኖ ወጣ። ማንም በነፃ አውርዶ ይጽፍበታል። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሣጥኖቹ እኩል አይደሉም፣ ክቡ ዐ ሙሉ ክብ አልሆነም። የኮሪያ ፕሬዝዳንት የአዲስ ዓመት ካርድ ሳይቀር ተጽፎበታል።